ዱፊ የሌለችበት ካሴት

ኩማሲ፣ ባንታማ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2004

ልጄ ዱፊ፣

ሰላምታዬ ከነአቧራው ይድረስሽ፤ ሐርማታኑ፣ የበረሃው ነፋስ፣ ዘንድሮ አልወጣም ብሏል። እኔ ደህና ነኝ። የቪዲዮ ሱቁም ደህና ነው፤ በሩ አልዘጋ ብሏል፣ ድሮም አይዘጋም ነበር።

ሦስት ዓመት ድምፅሽን አጥፍተሽ ከርመሽ አሁን የላክሽው ደብዳቤ አንድ ገጽ ሰላምታ፣ አንድ ገጽ ይቅርታ፣ ሦስት ገጽ ስለ ካሜራ ነው። እየሳቅኩ አነበብኩት። እናትሽም፣ እህቴ ነፍሷን ይማራትና፣ ጨው ልትበደር ስትመጣ መጀመሪያ የሰፈሩን ሰው ጤና ሁሉ ጠይቃ ነበር ወደ ጨው የምትደርሰው። ለምን አልደወልሽም ብዬ አላስጨንቅሽም። በስልክማ የእኛ ሰላምታ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል።

ይቅርታሽን ግን አልቀበልም። ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ። ያን ቅዳሜ ለቅሶው ላይ በሰው ፊት ካሜራውን ከትከሻሽ ላይ ያወረድኩት የሟቹ ወንድም "ሴት እንዲህ ያለ ነገር ተሸክማ ሬሳችን ፊት አትቁም" ስላለኝ ነው። "ይህች ልጅ ከእኔ የተሻለ እጅ አላት" ልለው ይገባኝ ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ሰው በዝቶ ነበር፣ ፈራሁ። አንቺ ሰኞ ጠዋት ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ። የእናትሽ ወንድም፣ ዎፋሽ፣ አጥፍቷል። ይኸው በእጄ ጻፍኩት፤ አጥፈሽ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ጨዋችን። ከጻፍሽልኝ ሦስት ካሜራዎች ትንሿን፣ ከኪስ የምትገባዋን፣ ተያት። ሰባት መቶ ጊዜ አቀርባለሁ የምትለው ውሸቷን ነው። እስከ አሥር ድረስ የሚያቀርበው መስታወቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥዕል እንደ ሊጥ እየለጠጠች ነው። ሁለተኛው፣ የጨርቅ ነጋዴው ወንድም ከአሜሪካ ያመጣው፣ ዕቃው መልካም ነው፤ ግን ለእነሱ መብራት የተሠራ ነው። እሱ በሰከንድ ሠላሳ ሥዕል ያነሣል፣ የእኛ ቴሌቪዥን ሃያ አምስት ነው የሚቆጥረው። የደንበኛሽ ቤት ሲደርስ ቀለሙ ይጠፋል፣ ሸንበቆ መሳይ የኒዮን አምፖል ሥር ደግሞ ይርገበገብብሻል። ከዚያ "ገንዘቤን መልሺ" ነው።

ሦስተኛውን ግዢ። አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጎኑ ተጭሯል፤ ግዴለሽም። ውስጡ ሦስት ቺፕ አለው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ያያል። አንድ ቺፕ ብቻ ያለው ካሜራ ቀይ ጨርቅ አይችልም። ቀዩ ከጫፉ አልፎ ይፈስና የሟቹ ልጆች አንገት ላይ ይወጣል። እኛ ለቅሶ ላይ ከጥቁርና ከቀይ ሌላ ምን እንለብሳለን? በሥራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የምታነሺው ቀይ ነው፤ ስለዚህ ለቀይ ብለሽ ግዢ። ደግሞም ብርሃኑን በጣትሽ የምታዞሪበት ቀለበት ያለው እሱ ብቻ ነው። በዝርዝር ማውጫ ውስጥ ገብተሽ ብርሃን የምትፈልጊበት ካሜራ፣ አንቺ ፈልገሽ እስክታገኚ ሬሳው ይቀበራል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ካሜራው ሲገባልሽ መጀመሪያ የምታነሺውን ካሴት ላኪልኝ፤ አንቺም ግቢበት። ትናንት መደርደሪያዬን በሙሉ አገላበጥኩ። የኩማሲን ሟችና ቀባሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነሣሁበት ሁሉ አለ። አንቺ አራት ዓመት ከጎኔ ሠርተሽ አንድም ቦታ የለሽም። ካሜራ የያዘ ሰው አይታይማ። ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ።

ዎፋሽ
ክዋኩ ኛንታቺ


ምፕራኤሶ
ማርች 22 ቀን 2004

ለተከበሩ ዎፋዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከአከራዬ ከአፍራኮማ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ በቀር የሚያውከኝ የለም። ድሮ እወደው ነበር፣ አሁን ሲሸተኝ ሮጬ እወጣለሁ። እሷ የበቆሎ ኬንኬና ዓሣ ሻጭ ስለሆነች ቀኑን ሙሉ ስሮጥ እውላለሁ ማለት ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ያዘዙኝን አጥፌ አስቀምጫለሁ። ግን ፊደሎችዎ ለምን እንዲህ ትላልቅ ሆኑ? እንደ ሱቅ ሰሌዳ ነው የጻፉልኝ።

ባለ ሦስት ቺፑን ገዛሁ። ቀዩን እንዳሉት ነው። አሁን ደግሞ ውርደቴን ልንገርዎት፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከዚሁ ከተማ ትልቅ ቤት ነበር። ካሜራውን ይዤ ሌሊቱን የመመሪያ መጽሐፉን አጠናሁ። መጽሐፉ "ብርሃን ሲበዛ ማሳያው ላይ ነጫጭ መስመር የሚያወጣውን ሰባ ላይ አድርጉት፤ መስመሩ ፊት ላይ ሲወጣ ብርሃኑ ልክ ነው" ይላል። እኔም በሁሉም ሰው ፊት ላይ መስመር እስኪወጣ ድረስ ቀለበቱን አዞርኩ። በአውቶማቲክ አልሠራሁም፤ በእጄ ሠራሁ ብዬ ኮርቼ ነበር።

በሳምንቱ የቤቱ አለቃ ኦፓኒን ኦፎሱ አስጠሩኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል።

"ልጄ፣ ለቅሶ ነበር ወይስ ድግስ?" አሉኝ።

"ለቅሶ ነው አባቴ።"

"ታዲያ ማን ነው ፊታችንን ነጭ አፈር የቀባን? ነጭ አፈርማ ሙግት የረታ ሰው ነው የሚቀባው። እኛ ማንን ረታን? ሟቹን?"

ቀና ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው ዎፋ። የሁሉም ፊት ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ አፍንጫና ጉንጩ አይለይም። ያ ሁሉ የሚያለቅስ ሰው ደስታ ላይ ያለ ይመስላል። የሟቹ ሚስት ደግሞ ከሁሉ ብሳ ታበራለች። "አማቶቼ ይህን ያዩ ዕለት የገደለችው እሷ ናት ይሉኛል" አለች፣ እያለቀሰች ነው የምትስቀው ወይስ እየሳቀች ነው የምታለቅሰው፣ አላወቅኩም። ጫማዬን አውልቄ፣ የይቅርታውን መጠጥ፣ ሽናፕስ፣ ይዤ ቀርቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ኦፓኒን ኦፎሱ ጠርሙሱን ተቀብለው ቴሌቪዥኑን አስጠፉ። ማስጠፋታቸው ነው የቆጨኝ።

ካሴቱን ልኬልዎታለሁ፤ የኩማሲው የአስፎ መናኸሪያ ሾፌር እጅ ላይ ነው። ጥፋቴን አይተው ይንገሩኝ። እኔ የለሁበትም። የሚያነሣኝ ሰው አላገኘሁም።

የእህትዎ ልጅ
ዱፊ


ኩማሲ
ኤፕሪል 4 ቀን 2004

ዱፊዬ፣

ለሁለት ቀን ሳቅኩብሽ፣ በሦስተኛው ቀን በራሴ አፈርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትከሻ ላይ የምንሸከመው የድሮው ካሜራችን መስመር የሚባል ነገር አልነበረውምና አላስተማርኩሽም።

ያ መጽሐፍ የተጻፈው ለፈረንጅ ፊት ነው። ሰባ የሚለው የእነሱን ጉንጭ ነው። መዳፍሽን ዘርጊ እስቲ። የእኛ መዳፍ ከፊታችን ይነጣል፤ ለመጽሐፉ የሚሆነው እሱ ነው። ሰዎቹ በተቀመጡበት ጥላ ውስጥ ግቢ፣ መዳፍሽን ካሜራው ፊት ያዢ፣ መስመሩ መዳፍሽ ላይ ብቅ እንዳለ ቀለበቱን ልቀቂው። ከዚያ በኋላ አትንኪው። ፊታቸው ላይ መስመር ካየሽ፣ ላብ ወይም እንባ ካልሆነ በቀር፣ ተሳስተሻል። ከድንኳኑ ውጭ ያለው ፀሐይ ቢነድ ይንደድ፤ የተጠራሽው ለፀሐዩ አይደለም።

ድምፁንም ከአውቶማቲክ አውጪው። ከበሮው ሲመታ ካሜራው ይደነግጥና ጆሮውን ይደፍናል፤ አልቃሿ ስትጀምር ገና አልከፈተም። የመዝጊያውን ፍጥነት ሃምሳ ላይ ተይው። ካሴት ለመቆጠብ ብለሽ ረጅም ሰዓት የሚለውን አትምረጪ፤ ዛሬ የቆጠብሽውን ሥዕሉ ሲቆራረጥ ትከፍይዋለሽ። የኦፓኒን ኦፎሱ ነገር አያስጨንቅሽ። ሽናፕሱን ተቀብለዋል አይደል? የተቀበለ ሰው ታርቋል።

ስለ ፊደሎቼ የጠየቅሽው። ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ እስክሪብቶው ወፍራም ነው ልልሽ።

ዓይኔ እየሄደ ነው ዱፊ። ውስጡ ያለው ግፊት ነው ይላሉ ሐኪሞቹ፤ አባቴንም የያዘው እሱ ሳይሆን አይቀርም፣ ያኔ ስም አልነበረውም። ግራው አምና ሄዷል። ቀኙ ከዳር ዳር እየጠበበ ነው። ዓለምን የማየው በጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ ማሳያ ያለው ካሜራ ቢያመጡልኝ ከነሻጩ አባርረው ነበር። ጠብታ ሰጥተውኛል። ሐኪሟን እስከ መቼ ነው አልኳት፤ ወጣት ናት፣ መዋሸት አልለመደችም። "ገናን ባያልፍ አይገርመኝም" አለችኝ።

ስለዚህ ካሴት ላኪ ስልሽ ለጨዋታ አይደለም። ሌሎቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ። አንቺን ሳላይ እንዲጨልምብኝ አልፈልግም። መምጣት ከቻልሽ ነይ፤ ካልቻልሽ ፊትሽን ላኪ።

ዎፋሽ


ምፕራኤሶ
ጁን 14 ቀን 2004

ዎፋዬ፣

ከሁለት ወር በላይ ዝም ማለቴን ምን ብዬ እንደማስተባብል አላውቅም። ደብዳቤዎን ያነበብኩት የአፍራኮማ ማብሰያ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። አለቀስኩ።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ለሚሞተው አስቀምጪዋ፣ ምን ያባክንሻል?"

ሳልወድ አሳቀችኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ዓይንዎ ትዝ ይለኛል። ያስተማሩኝ ዓይን ነው። የካሜራውን ማሳያ ሳያዩ ከሩቅ "ትንሽ ወደ ግራ" የሚሉኝ ዓይን ነው። ጠብታውን አያቋርጡ። ሌላ ሆስፒታልም ይሂዱ፤ አንድ ሰው ያለውን ብቻ ይዘው አይቀመጡ።

መምጣት አልችልም ዎፋ። ምክንያት አለኝ፤ እባክዎን አሁን አይጠይቁኝ። በምትኩ ገበያውን፣ በጠዋት ከገደሉ ሥር የሚወጣውን ጭጋግ፣ አፍራኮማንም አንሥቼልዎታለሁ። መዳፌን ዘርግቼ ነው የለካሁት። ኦፓኒን ኦፎሱም አሉበት። የወንድማቸው ልጅ ስትቀበር እሳቸው ራሳቸው ጠሩኝ፤ ካሴቱን አይተው "ዛሬስ ሐዘንተኛ መስለናል" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

እኔ አሁንም የለሁበትም። ባለፈው የሚያነሣኝ የለም ብዬ ጽፌ ነበር። አፍራኮማ አለች፤ ዋሽቻለሁ። እውነቱ መታየት አልፈልግም። በእርስዎ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ።

ይቅር ይበሉኝ።

ዱፊ


ኩማሲ
ጁን 27 ቀን 2004

ልጄ፣

አይጠይቁኝ ስላልሽ አልጠየቅኩም። ካሴቱን ነው የጠየቅኩት።

አራት ጊዜ አየሁት። ዓይኔ እየሰነፈ ሲሄድ ጆሮዬ ሹም ሆኗል። ገበያው ውስጥ ከካሜራው ጀርባ ያለ ሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ። አንቺ ግን አንድ ቦታ ቆመሽ ነው። ደግሞ አንቺ ድሮም ከትከሻ ነበር የምታነሺው፤ ይህ ከወገብ ከፍታ ነው። ካሜራውን አንድ ነገር ላይ አሳርፈሽዋል፤ በተነፈስሽ ቁጥር መላው ምፕራኤሶ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሽንኩርት ሻጯ ስትስቅ ደግሞ ሥዕሉ ድንገት ከሥር እንደተመታ ዘለለ። እዚያች ጋ ወደ ኋላ መልሼ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልነግርሽም። እጅሽ አልነበረም። የአንቺን እጅ አውቀዋለሁ።

ካሜራሽን ያሳረፍሽበት ሆድ ስንት ወሩ ነው?

አልተቆጣሁም። ዓሣ ሸቶኝ ሮጬ ወጣሁ ያልሽኝ ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ እህቴ አንቺን ስታረግዝ የጠላችው ዓሣ ነበር። የሚያሳዝነኝ ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን ይዘሽው መክረምሽ ነው። ማን ነው ሰውየው? በተወለደ ስምንተኛው ቀን ሲመጣስ ስም የሚያወጣለት አለ?

መልስሽን በአጭሩ ጻፊ። አንድ መስመር ለማንበብ አሁን ጊዜ ይፈጅብኛል።

ዎፋሽ


ምፕራኤሶ
ጁላይ 11 ቀን 2004

ዎፋ፣

አወቁብኝ። ስድስት ወር አልፎኛል።

የመንገድ ቀያሽ ነው። ከዳገቱ ሥር የሚሠራውን መንገድ ሲለካ፣ መነጽሩን ሦስት እግር ላይ አቁሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ፣ የእኛን ሥራ የሚሠራ መሰለኝ። ሞኝነቴ ከዚያ ጀመረ። የነገርኩት ዕለት ሳቀ፣ በማግስቱ ቴማ ተዛውሬያለሁ አለ። እዚያ ሚስት አለችው። በሰው ልኮ የእኔ አይደለም አለኝ።

ስም የሚያወጣው አባት ነው። የእኔን ልጅ ግን ስምንተኛው ቀን ላይ የሚጠራው የለም። በሕይወት ኖሮ ስም እንደሌለው፣ ደጅ እንዳልወጣ ሆኖ ይቅር? ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህን ብቻ ነው።

ሰው የሚለውን አውቃለሁ። "ካሜራ ተሸክማ በየለቅሶው የምትዞር ሴት መጨረሻዋ ይኸው ነው" ይላሉ። እርስዎም ያን ቅዳሜ ካሜራውን ማውረዴ ልክ ነበር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነው ፊቴን ያልላክሁት። ፊቴ ብቻውን አይመጣም፤ ያየኝ ሰው ሁሉንም ያያል።

ዱፊ


ኩማሲ
ጁላይ 25 ቀን 2004

ዱፊዬ፣

ልክ አልነበርኩም። ይህን አንድ ጊዜ ጽፌልሻለሁ፣ ሁለተኛም እጽፈዋለሁ።

አባት ባይኖር ዎፋ አለ። ልጅ የእናቱ ቤት ልጅ ነው፤ የእናትሽ ደም፣ የእናቴ ደም። ያ ሰውዬ መንገድ ቀይሶ ራሱ ጠፋበት እንጂ ልጁ አልጠፋም። ስሙን እኔ አወጣለሁ። ሴት ከሆነች ኮናዱ ትባላለች፣ በእናትሽ ስም። ወንድ ከሆነ ኛንታቺ፤ አፍንጫዬን እንዳይወርስ ብቻ ጸልዪ። ሴት ብትሆን ግን አልጠላም። ቤታችን ውስጥ ከአንቺ ሌላ ሴት አልቀረም፤ ዘራችን በእናት ነው የሚቆጠረው፣ ሴት ካልተወለደች በሩ ይዘጋል።

ራሴ መጥቼ እውነት እንድትናገር ውኃውንና መጠጡን ምላሷ ላይ ባሳርፍ እወድ ነበር። ግን ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ቀኙን ዓይኔን ይከፍቱታል። የጠፋውን አይመልሱም፤ የቀረውን ለማቆየት ነው። ሊይዝ ይችላል፣ ጭራሹን ሊያጠፋውም ይችላል አሉኝ። ፈርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር መኪና ላይ መንቀጥቀጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ለኦፓኒን ኦፎሱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ከሽናፕስ ጋር። በእኔ ቦታ ተቀምጠው ስሙን ይጠሩልኛል። እምቢ አይሉም፤ ሽማግሌ ሰው የሽማግሌን ልመና ያውቃል።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። አስቸጋሪውን ብርሃን እስካሁን አላስተማርኩሽም።

ያን ቀን አንቺም ነጭ ትለብሻለሽ፣ ሕፃኑም በነጭ ይጠቀለላል። ካሜራውን ለራሱ ከተውሽው ነጩን አይቶ ይደነግጥና ቀዳዳውን ያጠባል፤ ፊታችሁ ከሰል ይሆናል። የአራስ ቪዲዮ የሚበላሸው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጨርቁ ያምራል፣ ልጁ የለም። ጨርቁን እርሺው። ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ቢጠፋ ይጥፋ፤ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሞልቷል። የቀለሙን ሚዛን ግን እዚያው ነጭ ጨርቅ ላይ አስተካክዪ፤ ለለቅሶ ነጭ ወረቀት ስንፈልግ ነበር የምንኖረው፣ አሁን እግዜር ልብስሽን ሰጥቶሻል።

ስሙ ጎህ ሲቀድ ይውጣ፣ ወጉ ነው። ካሜራውን ግን ፀሐይ ግድግዳውን እስክትነካ አታውጪው። በዚያ ድንግዝግዝ ካነሣሽ ካሜራው ብርሃን ሲያጣ ሥዕሉን አሸዋ ይሞላዋል፤ እኔ ደግሞ አሸዋ የምለቅምበት ዓይን የለኝም። ፀሐይ ስትመጣ ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ካልሆነ ግድግዳ ፊት ተቀመጪ። ሁሉን ራስሽ ለክተሽ አስተካክለሽ በሦስት እግሩ አቁሚው፤ አፍራኮማ ቀዩን ቁልፍ ብቻ ትጫን። በምንም ምክንያት ሌላ ነገር እንዳትነካ። ኬንኬ የምታገላብጥ እጅ አታርፍምና።

ቀርበሽ ተነሺ። ፊትሽ ይሙላው። ትልቅ ሆኖ ካልመጣ አላገኘውም።

ዎፋሽ


ምፕራኤሶ
ኦክቶበር 12 ቀን 2004

ዎፋዬ፣

እንዴት ነዎት? ዓይንዎ እንዴት ነው? ስለ ቀዶ ጥገናው ማንም የሚነግረኝ አጣሁ። በሱቁ ስልክ ብደውል አይነሣም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት ሌላ ሰው ከሆነ፣ ማንም ይሁኑ፣ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

ሴት ናት።

ሴፕቴምበር 30፣ ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ ተወለደች። ሐሙስ የተወለደች ናትና ያአ፣ እርስዎ ያወጡላት ደግሞ ኮናዱ፤ ያአ ኮናዱ ሆናለች። አፍንጫው ግን የእርስዎ ነው፣ አላመለጥንም።

ኦፓኒን ኦፎሱ በስምንተኛው ቀን ገና ሳይነጋ መጡ። አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ደብዳቤዎን ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር፤ ትልልቅ ፊደሉን ያለ መነጽር አነበብኩት ብለው ኮሩበት። ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት ጣታቸውን ነክረው ምላሷ ላይ አሳረፉ፤ "ውኃ ነው ስትዪ ውኃ ይሁን፣ መጠጥ ነው ስትዪ መጠጥ ይሁን" አሏት። ከዚያ ቀና ብለው ለተሰበሰበው ሰው "ይህች ልጅ በዎፋዋ አፍ ተጠርታለች፤ ጥያቄ ያለው ኩማሲ ሄዶ ይጠይቅ" አሉ። ማንም አልጠየቀም። ሰው ይላል ብዬ ዘጠኝ ወር የፈራሁትን ማንም አላለውም፤ ወይም እኔ አልሰማሁትም።

እንዳዘዙኝ ፀሐይ እስክትወጣ ጠበቅኩ። የአፍራኮማ ግድግዳ ቡናማ ነው፤ ከእሱ ፊት በርጩማ አኖርኩ። በርጩማው ላይ መጀመሪያ አፍራኮማን አስቀምጬ በእሷ መዳፍ ለካሁ፣ ቀለሙን በነጭ ሻሼ አስተካከልኩ፣ ድምፁን ከፈትኩ። አፍራኮማ ቀዩን ተጫነች። ከዚያም አፏ አላረፈም፤ የሃያ ደቂቃውን ካሴት ወሬዋ ሞልቶታል። "ቀና በዪ! አንገትሽ የት ሄደ? ልጅቷ ታዛጋለች፣ እዩት ስታዛጋ!" የምትለው እሷ ናት። ላጠፋው ነበር፣ ተውኩት።

ነጩ ጨርቅ እንዳሉት በብርሃን ተውጧል። ፊታችን ግን አለ። ራሴን ሳይ አፈርኩ፤ የወፈርኩ፣ የደከምኩ ነኝ። ግን አልደበቅኩም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሜራውን ነው ያየሁት። እርስዎን መስሎኝ ነው ያየሁት።

ካሴቱ ሾፌሩ እጅ ነው። ማየት ከቻሉ ይጻፉልኝ። ካልቻሉም ይጻፉልኝ።

ዱፊ


ኩማሲ
ኦክቶበር 24 ቀን 2004

ዱፊዬ፣

ራሴ ነው ያነበብኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ በመጀመሪያው ቀን "ሴት ናት" የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁና በር ላይ ቆምኩ። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ሰላም አልኩ። የማየው እግራቸውን ብቻ ነበር።

ዓይኔ አልጠፋም። የተረፈው ግን የመርፌ ቀዳዳ ነው። ሐኪሟ ቢያንስ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል አለችኝ፤ አሁንም መዋሸት አልለመደችም፣ ስለዚህ አመንኳት።

ካሴቱን ከከተትኩ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ቡናማ ነበር። ደነገጥኩ። ለካ ግድግዳውን ነው የያዝኩት። ወንበሬን ቴሌቪዥኑ ድረስ ገፋሁ፤ ድሮ ልጆችን "ዓይናችሁ ይጠፋል፣ ራቁ" የምልበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። የምታሳዪኝ ነገር ሁሉ እየተንቀሳቀሰ ከቀዳዳዬ ያመልጣል። ያኔ ማቆሚያውን ተጫንኩ። የድሮው ካሴት ሲቆም እየተንቀጠቀጠ መስመር ይሞላው ነበር። ይህ ዲጂታል የሚሉት ነገር ጸጥ ብሎ ቆመልኝ። እስክመጣበት ጠበቀኝ።

ከዚያ ዞርኩሽ። በመጀመሪያ ጆሮሽን አገኘሁ፤ የእናትሽን ጉትቻ አድርገሻል፣ የት እንደገባ እናስብ ነበር። ከጆሮሽ ወደ ጉንጭሽ፣ ከጉንጭሽ ወደ አፍሽ። ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል፣ የዘንባባ ፍሬ ሾርባ ጠጪ። ግንባርሽ ላይ አንድ የማላውቀው መስመር አለ። እሱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ዓይኖችሽን ለመጨረሻ አስቀመጥኳቸው፤ ስደርስባቸው መሽቶ መብራት ሄደ። ስለዚህ እነሱን በማግስቱ ነው ያየኋቸው። እንዳልሽው እኔን ነው የሚያዩት።

ወፈርኩ፣ ደከምኩ ያልሽው አልታየኝም። ብርሃኑም ልክ ነው፤ ምንም እርማት የለኝም። በሃያ ዓመት ውስጥ ለማንም ብዬው አላውቅም።

ከዚያ የቀረውን ቀን ሙሉ ልጅቷን አየኋት። ጣቶቿን ቆጠርኩ። አፍንጫው እውነትም የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ስታዛጋ የአፍራኮማን ድምፅ ተከትዬ ነው ያገኘኋት፤ ስለ ኬንኬ እጇ የጻፍኩትን ስድብ መልሼ ወስጃለሁ በያት።

ሁለት ቀን ሙሉ ሁለት ፊት ብቻ ያየ ሰው በኩማሲ ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን እስካሁን አላየሁም፤ ሁለታችሁን ባንድ ላይ። ያንቺን ፊት ስይዝ እሷ ከቀዳዳው ትወጣለች፤ እሷን ስይዝ አንቺ ትጠፊያለሽ። ወንበሩን ወደፊት ወደኋላ ገፋሁት፣ ጭንቅላቴን አዘነበልኩ፣ አልሆነም። ይህ ደግሞ በካሜራ የሚስተካከል አይደለም።

ስለዚህ ነይ። ለወሬኞች አትጨነቂ፤ ኦፓኒን ኦፎሱ ኩማሲ ሄዶ ይጠይቅ ያሉት ሰው እስካሁን አልመጣም። የጓዳውን ክፍል አስጠርጌዋለሁ፤ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ነው። መናኸሪያ ድረስ ሰው እልካለሁ። ስትደርሺ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝና ከፊቴ ተቀመጪ። አንቺን በዓይኔ እይዝሻለሁ፣ እሷን በእጄ።

ዎፋሽ
ኛንታቺ